የመልአኩ ካልሲ

እኔ በዓመት አንድ ማለዳ መልአክ ነኝ፤ የቀረውን ጊዜ አስጎብኚ ነኝ። ሁለቱም ሥራ የሚሠራው ቆሞ ነው።

መልአክነቴን ላስረዳ። ለገና ላሊበላ መጥቶ የሚያውቅ ሰው ቤዛ ኩሉ የሚባለው ዝማሬ ሲዜም አይቷል። ካህናቱና ደብተራዎቹ ለሁለት ይከፈላሉ። ግማሹ ከቤተ ማርያም በላይ፣ ከዓለቱ አፋፍ ላይ ተሰልፎ ይቆማል፤ የመላእክት ምሳሌ ነው። ግማሹ ታች ግቢው ውስጥ ይቆማል፤ የእረኞች ምሳሌ ነው። እኔ ከላይኞቹ ነኝ። ቦታው የአባቴ ነበር፤ እሳቸው ሲያርፉ ለእኔ ደረሰ። እኛ ዘንድ ደግሞ የትም ያልተጻፈ፣ ሁሉም ግን የሚያውቀው ሕግ አለ፦ ቤዛ ኩሉን እስከ ፍጻሜው ቆሞ ያልዘለቀ ሰው ቦታውን ለሚቆም ይለቃል። ጎረቤቴ ደብተራ ሞላ ከታች ከእረኞቹ ጋር ነው የሚቆመው። በጣም ጥሩ ሰው ነው። ጠዋት ሲያገኘኝ ሰላም የሚለኝ ግን ፊቴን ሳይሆን እግሬን እያየ ነው።

የሚታይ ነገር አለኝማ! ከግራ ታፋዬ ጀምሮ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ድረስ አንድ ደም ሥር አብጦ፣ ተጠማዞ፣ በየቦታው ተቋጥሮ፣ ከቆዳዬ በላይ እንደ አሮጌ ጅራፍ ተጋድሟል። ሐኪሞች ቫሪኮስ ቬን ይሉታል። እኛ ሰፈር ስም አልነበረውም፤ ክብር ብቻ ነበረው።

ክብሩን የሰጡት መሪጌታ ፈንቴ ናቸው። ዜማ ያስተማሩኝ የኔታ እሳቸው ናቸው፤ አፋፉም ላይ ከጎኔ የሚቆሙት እሳቸው ናቸው። አንድ ቀን ሱሪዬን ሰብስቤ እግሬን ስታጠብ አይተውኝ ቀጥ ብለው ቆሙ።

«እሰይ!» አሉ። «ይኼ የቁመት ማዕረግ ነው። ለሌላው ኒሻን ደረቱ ላይ ይሰካለታል፤ ለአንተ እግርህ ላይ ተሰካልህ። ማኅሌት ቆሞ ያደረ ሰው እንዲህ ነው!»

እውነቱን ለእናንተ ብቻ ልንገራችሁ። ያ ደም ሥር ያበጠው በማኅሌት አይመስለኝም። ቱሪስት በመጠበቅ ነው። በደጉ ጊዜ ከፈረንጅ ጋር ዓለቱን ስንወጣ ስንወርድ እግሬ ደህና ነበር። ከዚያ ወረርሽኙ መጣ፣ ጦርነቱ መጣ፣ መንገዱ ይዘጋል ይከፈታል፣ ፈረንጁ ቀረ። እኛ አስጎብኚዎች ግን ባጃችንን አንጠልጥለን በሩ ላይ መቆማችንን አልተውንም። ቁጭ ብንል በዚያች ደቂቃ ይመጣሉ ብለን ፈራን። እንዲህ ቆሜ ቆሜ ነው እግሬ ኒሻን ያወጣው። የኔታን ለማረም ግን ድፍረቱን አላገኘሁም፤ እውነቱን ለመናገር አልፈለግሁትም። ከዚያ ወዲህ ሱሪዬን ትንሽ ከፍ አድርጌ መሄድ ጀመርኩ።

ማዕረጉ ግን ይከብዳል። ያሳክካል። አመሻሽ ላይ እግሬ የሌላ ሰው እግር ይመስል እየጎተትኩት ነው ወደ ቤት የምገባው። ይህን ያየ ሁሉ መድኃኒት አዋቂ ሆነ። አንዱ ዋግምት ታገም አለ። አንዷ አልቅት አምጥታ ላጣብቅልህ አለች፤ ከየት እንደምታመጣው ስጠይቃት «አንተ እሺ በል እንጂ» ብላ ዝም። ወጌሻው በበኩሉ አጥንት ነው አለ። ለወጌሻ የራስ ምታትም አጥንት ነው። በቅቤ አሽቶ አሽቶ ሲያበቃ እግሬ አብረቀረቀ፤ ሕመሙ እዚያው ነው፣ አሁን ድመት ተከተለኝ እንጂ።

በመጨረሻ ሚስቴ አስናቀች አንድ ጠዋት ከፊቴ ቆመች።

«ይኼ ኒሻንህ የፈነዳ ዕለት አጣቢዋ እኔ ነኝ» አለች። «ገና ሳይደርስ ደሴ እንሄዳለን። ደግሞ እንዲህ እያነከስክ አፋፉ ላይ ወጥተህ እንደማትዘልቀው አንተም ታውቀዋለህ።»

አውቀዋለሁ። ባለፈው ገና ቤዛ ኩሉ ሳያልቅ ላብ አጥምቆኝ ነበር፤ በመቋሚያዬ ተደግፌ ነው የዘለቅሁት። ታች ደብተራ ሞላ ቀና ብሎ እግሬን ሲያይ አይቼዋለሁ። የአባቴን ቦታ በእኔ ዕድሜ ለሞላ አስረክቤ ታች መውረድ? ሞቼ ነው! በኅዳር መንገዱ ተከፈተ ሲባል ሚኒባስ ይዘን ደሴ ገባን።

ሐኪም ቤቱ መጀመሪያ አልትራሳውንድ ተነሣ አለኝ። እዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ ያሉት በሙሉ እርጉዞች ናቸው። ተጠጋግተው መሀላቸው አስቀመጡኝ። አንዷ ለረጅም ጊዜ ስታየኝ ቆይታ ሆዴን በዓይኗ መዘነችና «አይዞት፣ ያልፋል» አለችኝ። አሜን አልኩ፤ ሌላ ምን ይባላል?

ዶክተሯ ደሴ ተወልዳ ያደገች ወጣት ነች። «አብሽሩ አባቴ፣ የሚያስፈራ ነገር አይደለም» አለችኝ። አባቴ ያለችኝ ለአክብሮት ነው ብዬ አልፌዋለሁ። ቀጥላ አስረዳችኝ፤ ደም ከእግር ወደ ልብ ሽቅብ ሲወጣ ተመልሶ እንዳይወርድ ደም ሥሩ ውስጥ የሚዘጉ ትንንሽ በሮች አሉ። የእኔ በሮች አይገጥሙም። የወጣው ደም ይመለሳል፣ እዚያው ይጠራቀማል፣ ደም ሥሩ ይለጠጣል። ዝም ቢባል ቆዳው እየጠቆረ ሄዶ የማይድን ቁስል ሊያመጣ ይችላል።

«ምርጫዎ ግን ብዙ ነው» አለች።

ደስ አለኝ። የእኛ አገር ሰው ምርጫ ብዙ ነው ሲባል ቶሎ ይደሰታል።

«አጥብቆ የሚይዝ ካልሲ ማድረግ አለ፤ ያግዛል፣ አያድንም። መድኃኒት በመርፌ ወግቶ ደም ሥሩን ማጣበቅ አለ፤ እሱ ለቀጫጭኑ ይሻላል፣ የእርስዎ ወፍራም ነው። አሁን አሁን የሚመረጠው ደግሞ ቀጭን ሽቦ መሳይ ነገር ደም ሥሩ ውስጥ አስገብቶ በሙቀት መዝጋት ነው። ብዙ ሳይቀደዱ በዚያው ቀን በእግርዎ ይሄዳሉ።»

«እሱን አድርጊልኛ!»

«ማሽኑ እኛ ጋ የለም። አዲስ አበባ ነው።»

«እንግዲያስ የቀረኝ ምንድን ነው?»

«ብሽሽትዎ ላይ ቀዶ፣ ደም ሥሩን ከላይ አስሮ፣ ስቦ ማውጣት። የተቋጠሩትን ደግሞ በትንንሽ ቀዳዳ መልቀም።»

ብዙው ምርጫዬ እንዲህ ተጣርቶ ተጣርቶ አንዲት ቢላ ቀረችኝ። «ስባችሁ ካወጣችሁት በኋላ ደሙ በየት ሊሄድ ነው?» አልኳት። ዋናው መንገድ ከውስጥ ነው፣ ይኼኛው ቢወጣ አይጎድልብዎትም አለችኝ። ስንት ዘመን የተከበርኩበት ነገር ትርፍ ኖሯል!

ከዚያ ትእዛዝ ሰጠችኝ። ቀዶ ሕክምናው በማግሥቱ ጠዋት ነው፤ ከእራት በኋላ በአፌ ምንም እንዳይገባ። ሣቅሁባት። ሁዳዴን እየጾመ ያደገን ሰው እስከ ጠዋት አትብላ ብሎ ማስጠንቀቅ! «ለእኔ ነው ጾም የምታስተምሪኝ?» አልኳት። ሣቀች፤ እኔም ሣቅሁ፤ አስናቀችም ሣቀች።

በማግሥቱ ሰመመን የሚሰጠው ሰውዬ መጣ። «የበሉት ነገር አለ?» አለ።

«ኧረ በጭራሽ!»

«የጠጡትስ?»

«ምንም።»

«ውኃም?»

«ውኃም።» አላፊ አግዳሚው እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «ከጠበል በቀር!» አልኩ።

ሰውየው ብዕሩን አስቀመጠ። አስናቀች ከቤት ያመጣችውን የፕላስቲክ ጀሪካን ከፍ አድርጋ አሳየችው፤ ግማሹ ጎድሏል። ለእግሬ ብላ ነው። ጠዋት ተነሥቼ እየደጋገመች አስጠጥታኛለች። እኔም ከበረከቱ እንዳይጎድልብኝ ወደ ኋላ አላልኩም።

«ይኼ ውኃ ነው» አለ ሰውየው።

«ጠበል ነው!» አለች አስናቀች። «ውኃ የምትለው እንዴት ሁነህ ነው? ጾም አያስፈታ፣ ምን አያስፈታ!»

«እናቴ፣ ጾሙን አላስፈታም። ሰመመን ሲሰጣቸው ቢያስታውኩ ግን ወደ ሳንባቸው ይገባል።»

«ጠበል ወደ ሳንባው ቢገባ ምን ይለዋል? ይባርከዋል እንጂ!»

ዶክተሯ ጩኸቱን ሰምታ መጣች። በእርጋታ አዳመጠችን። እሷ የእስልምና ተከታይ ነች፤ የጾምን ነገር አሳምራ ታውቃለች። «ጠበሉን ማንም አልናቀውም» አለች። «ሲጠጡት ጠበል ነው፣ ጨጓራዎ ላይ ግን የሚይዘው ቦታ የውኃን ያህል ነው። ቀዶው ለነገ ይደር። ነገ በጠበሉ ፊትዎን ብቻ ይታጠቡበት።» አስናቀች ቀኑን ሙሉ ጀሪካኑን አቅፋ አኮረፈች፤ ያኮረፈችው በማን እንደሆነ አላወቅሁም፣ ምሳ ያልበላሁት ግን እኔ ነኝ።

ስለ ቀዶ ሕክምናው የምነግራችሁ ብዙ የለኝም። ከወገቤ በታች አደነዘዙኝ። እነሱ ብሽሽቴ ላይ ጎንበስ ብለው ምሳ የት እንደሚበሉ ሲከራከሩ ሰማሁ። አንዱ ጥብሱ ጥሩ ነው ያለበትን ቤት ሲያወድስ «በቃ ወጣ» አለች ዶክተሯ። ብረት ሳህን ላይ አሳዩኝ። ያ ሁሉ ማዕረግ ጭቃ ውስጥ የከረመ የጫማ ማሰሪያ አክሎ ተጠቅልሏል። አስናቀች በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ወስዳ ቤተ ክርስቲያን ልትቀብረው ጠየቀች፤ የሰው አካል የትም አይጣልም ባይ ነች። አልሰጧትም። ይኼን እስከ ዛሬ ታነሣዋለች።

ከዚያ ካልሲው መጣ። ካልሲ ያልኩት ስም ስለቸገረኝ ነው። ከእግር ጣት እስከ ታፋ ይደርሳል፣ አስናቀችና ነርሱ ተጋግዘው ነው ያስገቡልኝ፣ ሴቶች ለሠርግ ከሚያደርጉት ስቶኪንግ የሚለየው በጭካኔው ብቻ ነው። ቀለሙ ደግሞ «የሰው ቆዳ» ነው ይላል ነርሱ። የየትኛው ሰው? ጥርት ያለ የፈረንጅ ቆዳ ነው! ያን ያህል ዘመን ፈረንጅ ስጠብቅ ኖሬ፣ በመጨረሻ በግራ እግሬ በኩል መጣልኝ። የሚሸጠው ደግሞ ጥንድ ጥንዱን ነው። የተቀደደው አንድ እግር ነው ብል ማን ሰምቶኝ? ሁለተኛውን በካርቶኑ ታቅፌ ወጣሁ።

ዶክተሯ ስትሸኘኝ የሰጠችኝ ትእዛዝ አጭር ነው። «ይራመዱ። እየተኙ አይዋሉ፣ ዝም ብለው አይቁሙ። ሲቀመጡ እግርዎን ከፍ ያድርጉ። መንገድ ላይም መኪናው በቆመ ቁጥር ወርደው ይራመዱ።»

«ለገና ቤዛ ኩሉ መቆም አለብኝ።»

«ዝም ብለው ነው የሚቆሙት?»

«ኧረ አይደለም፤ እየተወዛወዝን ነው።»

«መወዛወዙማ ጥሩ ነው። ካልሲዎን አድርገው ይወዛወዙ።»

በወገል ጤና በኩል ተመለስን። ወገል ጤና ገበያ ነበር፤ በሰው መሀል ወዲያ ወዲህ ስል ማንም ልብ አላለኝም። ጋሸና ግን ሌላ ሆነ። ሚኒባሱ ለምሳ ቆመ። አንድ ትልቅ የጭነት መኪና መንገዱ ዳር ቆሟል፤ እሱን መዞር ጀመርኩ። እግሬ እንዳይደናቀፍ አንገቴን ደፍቼ ነው የምሄደው። ሾፌሩ ከምግብ ቤቱ በረንዳ ሲያየኝ ቆይቶ እጁን በሱሪው እየጠረገ መጣ።

«አያ፣ ምን ጠፋህ?»

«ምንም።»

ምንም የሚለውን ጋሸና ላይ ማንም አያምንም። ብር ነው ብሎ ደመደመ፣ ጎንበስ ብሎ ከኋላዬ መፈለግ ጀመረ። ረዳቱ መጣ። ሌሎች ሾፌሮችም መጡ። አንዱ ከመኪናው ሥር ገባ። «ኧረ ምንም አልጠፋኝም፣ ሐኪም አዝዞኝ ነው የምዞረው!» አልኩ። «ሐኪሙ ነው የጣለው?» አለኝ ከሥር ያለው። ሚኒባሳችን ሲነሣ እነሱ ገና እየፈለጉ ነበር።

ቤት ስንደርስ ሕዝቡ ደርሷል። የእኛ አገር ሰው ሲታመሙበት ይወዳል፤ ክፉ ሆኖ አይደለም፣ መጠየቅ ስለሚያውቅበት ነው። እንቁላሉን ቋጥሮ፣ ስኳሩን ይዞ፣ ፊቱን አጥቁሮ ይመጣል። ታማሚው በበኩሉ ድርሻ አለው፤ ጋቢ ተከናንቦ ይተኛል፣ ሲጠየቅ ቀስ ብሎ ያቃስታል። እኔ ግን ግቢዬ ውስጥ ሽር ሽር ስል ደረሱብኝ።

የመጀመሪያዎቹ ጠያቂዎች በሩ ላይ ደርቀው ቀሩ። «ታሟል ብላችሁን አይደል?» አሉ አስናቀችን። እንቁላሉ ወደ ቤት ይግባ ወይስ ይመለስ፣ ግራ ገባቸው። ማታውኑ «ደሴ የሄደው ሊዝናና ነው» ተባልኩ። አስናቀች አፍራ መግቢያ አጣች።

«በል ተኛ!» አለችኝ በማግሥቱ። «ሰው ሲመጣ ትተኛለህ፣ ሲሄድ ትራመዳለህ።»

ጥሩ ዘዴ ነበር፤ ሰው ቢሄድ ኖሮ። ሰው አይሄድም። አንዱ ሳይነሣ ሌላው ይተካል። ጋቢ ተከናንቤ ውዬ ማደር ሆነ። ጠያቂ ሁሉ ደግሞ የሚያጽናናኝ ታሪክ ይዞ ይመጣል። «የእኔም አጎት ልክ እንዳንተ እግሩ ላይ ነበር የጀመረው። በጣም ጠንካራ ሰው ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና።» የዶክተሯን ቃል ላክብር ብዬ እግሬን ትራስ ላይ ሰቀልኩ። መሪጌታ ፈንቴ ሊጠይቁኝ ገብተው ሲቀመጡ የእግሬ መዳፍ በቀጥታ ፊታቸው ላይ ተተከለ። አስናቀች ሮጣ ትራሱን ከሥሬ መነጨቀችው፤ እግሬ ሲወድቅ የጮኽኩት ግን የእውነት ነበር። ጠያቂዎቹ በጩኸቴ ረኩ። «አዎ፣ ታሟል» ተባባሉ።

ስልኬ ጮኸ። ዶክተሯ ናት።

«እንዴት ነዎት? እየተራመዱ ነው?»

«ተኝቻለሁ።»

«ማነው ተኛ ያለዎት?»

ዙሪያዬን አየሁ። «ሕዝቡ» አልኳት።

«ስሙኝ! እየተኙ ከዋሉ ደም ይረጋል። የረጋው ደም ወደ ሳንባ የሄደ እንደሆነ ሰው ይገድላል። ዛሬውኑ ይነሡ!»

ድምፅዋ ቤቱን ሞልቶታል። «ተነሥ አለችህ?» አለች አንዷ ጠያቂ። «ኧረግ! ቀድዳው ስታበቃ ደግሞ ተነሥ? ይች ሴት አንጀትም የላት!» እኔ ግን አልሣቅሁም። ፈራሁ። በይሉኝታ መሞት የሚባለውን በሌላ ሰው ላይ ሲደርስ እንጂ በራሴ አልጋ ላይ አስቤው አላውቅም ነበር። ከዚያ ሁሉ የባሰው ደግሞ በር ላይ የሚወራው ወሬ ነው፤ «እግሩ የተቀደደ ሰው ለገና እንዴት ይቆማል? ቦታውን ይልቀቅ እንጂ» እየተባለ ነው። ደብተራ ሞላም በየቀኑ እየመጣ ከእግርጌዬ ይቀመጣል። እግሬን ያያል፣ ይተነፍሳል፣ ይሄዳል።

በእኛ አገር ታሞ የተኛ ሰው ሳይታማ ከቤቱ የሚወጣበት አንድ መንገድ አለ። በማግሥቱ ማለዳ ጋቢዬን ለብሼ፣ መቋሚያዬን ይዤ ብድግ አልኩ። «ስለት አለብኝ» አልኩ። «ነአኩቶ ለአብ ሄጄ እሳለማለሁ። በእግሬ።»

ማን ይቃወማል? አጨበጨቡ ማለት ይቻላል። ብቻዬን ግን አልሄድኩም፤ የታመመ ሰው ብቻውን አይሄድማ። ጠያቂዎቼ እንዳሉ ተከተሉኝ። ቀስ እያልን፣ ሜዳውን አልፈን፣ ዋሻ ውስጥ ካለው ቤተ ክርስቲያን ደርሰን፣ ከዓለቱ ጣሪያ የሚንጠባጠበውን ጠበል ተቀብለን፣ ተመለስን። በነጋታውም ሄድን። ተከታዩ በዛ። እግሬ ቀለለኝ፣ እብጠቱ ጎደለ፣ ፊቴ ወዛ።

ከዚያ ወሬው መልኩን ለወጠ። አልጋ ላይ ጮኾ ያቃስት የነበረ ሰው በማግሥቱ ተነሥቶ ነአኩቶ ለአብ በእግሩ ሄደ! ይኼንን በዓይናቸው ያዩ ሰዎች አሉ። ሳምንት ሳይሞላ በቃሬዛ ተሸክመውኝ ሄደው ነበር ተባለ። የተሸከሙኝም ሰዎች ተገኙ፤ ትከሻቸው እስከ ዛሬ እንደሚያማቸው ይናገራሉ። ደሴና ዶክተሯ ከታሪኩ ወጡ። ቦታውን ይልቀቅ ማለትም ቀረ፤ ተአምር የተደረገለትን ሰው ማን ከአፋፉ ያወርደዋል? ቦታዬ ጸናችልኝ። እኔ ምን አደረግሁ? ዝም አልኩ። ዝም ማለት ውሸት አይደለም ብዬ ለራሴ ቅኔ ዘረፍኩለት።

አንድ ከሰዓት ከነአኩቶ ለአብ ስንመለስ መሪጌታ ፈንቴ አብረውን ነበሩ። መንገድ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ሌሎቹን «እናንተ ቅደሙ» አሏቸው። እኔን አስቀሩኝ።

«የትኛው ነው?» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ምኑ የኔታ?»

«ጠበሉ ነዋ። የሚንጠባጠበውን እኔም ስንት ጊዜ ተቀባሁት። ሌላ ካለ ንገረኝ፣ አትደብቀኝ።»

«ለማን ነው?»

መንገዱን ግራ ቀኝ አዩ። ከዚያ ቀሚሳቸውን ሰበሰቡ። የኔ ኒሻን የእሳቸው ተማሪ እንኳ አይሆንም። ቀኝ እግራቸው ከላይ እስከ ታች ተቋጥሯል፤ ከቁርጭምጭሚታቸው በላይ ቆዳው ጠቁሮ ደርቋል፣ አንድ ቦታ ላይ ሊቆስል ደርሷል። ዶክተሯ የነገረችኝ ነገር ፊቴ ላይ ቁጭ ብሏል።

ማዕረግ ነው ብለውኝ ነበር ልላቸው ቀና አልኩ። ዓይናቸውን አየሁ፤ ሰውየው ፈርተዋል። አሁን ዝም ብል ቦታዬን ይዤ እቀራለሁ፤ እሳቸው ግን ጠበል ሲቀቡ ከርመው እግራቸው ይቆስላል። ዜማን ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። ሱሪዬን እስከቻልኩት ሰበሰብኩ።

«ውይ!» አሉ። «ፈረንጅ ሆነሃል እንዴ?»

«ካልሲ ነው የኔታ። ከደሴ ነው። ደም ሥሩን ቀደው አውጥተውልኛል። እዚህ የምመላለሰው ተራመድ ስለተባልኩ ነው።»

«ነአኩቶ ለአብ አላዳነህም እንግዲህ?»

«በሰላም ወስዶ በሰላም መልሶኛል። ቢላዋ ግን የዶክተሯ ነበረች።» ከዚያ ያስቸገረኝን ጠየቅሁ። «የኔታ፣ ለእኔ ማዕረግ ነው ብለውኝ አልነበረም?»

«ታዲያ ምን ልበልህ?» አሉ ቀሚሳቸውን እየመለሱ። «ያመኛል ልበል? ያመኛል ባልኩ በማግሥቱ ቦታዬ ላይ ሌላ ሰው ይቆማል። እኔም እኮ የቆምኩት በአባቴ ቦታ ነው።»

በዚያው ሳምንት ይዣቸው ደሴ ወረድኩ። ጠበል በሚለው ነገር ላይ መንገዱን ሁሉ አስጠንቅቄያቸዋለሁ። ዶክተሯ አየቻቸው፣ መረመረቻቸው፣ ከገና በኋላ ይቀደዳሉ፣ እስከዚያ ካልሲ ያድርጉ አለች። ካልሲው ደግሞ ከተማው ውስጥ አልቋል። ያን ጊዜ ነው ቤቴ የቀረው ካርቶን ትዝ ያለኝ። የእግራችንን ልክ ለካች፤ ይሆናል አለች።

እኔም እውነቱን ለሰፈሩ ተናገርኩ። ዶክተር ናት ያዳነችኝ አልኩ። «ትሕትናው!» አሉ። ስሟን ነገርኳቸው፣ ጠባሳዬን አሳየኋቸው። «እያያችሁ ነው? ተአምሩን ደብቆ ለሰው ይሰጣል!» አሉ። ተውኳቸው።

ገና ደረሰ። ማለዳ ወደ አፋፉ ከመውጣታችን በፊት ካህናቱም ደብተራዎቹም ልብሰ ተክህኗችንን እያስተካከልን ነው። አንድ አዛውንት ቄስ መሪጌታን «ከነአኩቶ ለአብ መልስ እርስዎም ቀለል ብሎዎታል፤ ምን አግኝተው ነው?» አሏቸው። መሪጌታ ዞር ብለው አዩኝ። ከዚያ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቀሚሳቸውን እስከ ጉልበታቸው አነሡ። ነጭ ልብስ፣ ነጭ ጥምጥም፣ ከሥሩ የፈረንጅ እግር።

«ከደሴ ነው» አሉ። «ገና ካለፈ በኋላ እቀደዳለሁ። ሕጉም የሚቆም ይቁም ነው የሚለው፤ ሳያመው የሚቆም አይልም።»

ከዚያ አዛውንቱ ቄስ ቀስ ብለው የራሳቸውን ቀሚስ ሰበሰቡ። ከጎናቸው ያለው ሱሪውን ሰበሰበ። ከዳር እስከ ዳር ቀሚስ ተነሣ። አምላኬ! የተቋጠረው፣ ያበጠው፣ የጠቆረው! የመላእክት ሠራዊት በሙሉ በአንድ እግሩ ሲያነክስ ኖሯል። እያንዳንዱ ብቻውን፣ ቦታዬን እንዳይወስዱብኝ ብሎ፣ ተሸፍኖ።

ክንዴን የነካኝ ሰው ነበር። ደብተራ ሞላ ነው። ሱሪውን በእጁ ይዟል፤ እግሩ የእኔን የድሮውን ይመስላል።

«አንተም?» አልኩት።

«ይኼን ሁሉ ዘመን እግርህን ሳይ የኖርኩት ምን መስሎህ ነው?» አለኝ። «እንዴት ብዬ ልጠይቅህ? ማዕረግ ነው ይሉሃል። እኔ እረኛ ነኝ፤ ማዕረግ ከየት አምጥቼ?» ከዚያ ዝቅ ብሎ ካልሲዬን ነካ ነካ አደረገ። «ሳትቀደድስ ይሠራል?»

እኔና የኔታ አንዱን ጥንድ ለሁለት ተካፍለን፣ እኔ በግራ እሳቸው በቀኝ፣ አፋፉ ላይ ወጣን። ቤዛ ኩሉ እስኪያልቅ ተወዛወዝን። ታች ሞላ በሁለት እጁ መቋሚያውን ጨብጦ ሲወዛወዝ አየሁት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን እያየ ነበር።

ከጥምቀት በኋላ ወደ ደሴ የሄደው ሚኒባስ ጥምጥም ብቻ ነበር የጫነው። ሁሉም አልተቀደዱም፤ ለአንዳንዱ መርፌ በቃው፣ ለአንዳንዱ ካልሲ። መሪጌታና ሞላ ግን ተቀደዱ። ስንመለስ ጋሸና ለምሳ ቆምን፤ እንደ ትእዛዙ ሁላችንም ወርደን አንገታችንን ደፍተን የጭነት መኪናውን መዞር ጀመርን። ያ ሾፌር እዚያው በረንዳ ላይ ነበር። ገና ሲያየን ምግቡን ትቶ ተነሣ።

«አባቶቼ፣ አሁን ደግሞ ምን ጠፋችሁ?»

«ምንም አልጠፋን ልጄ» አሉ መሪጌታ ሳይቆሙ። «እግራችንን አግኝተን ነው።»

ሾፌሩ ትንሽ አሰበበት፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ከኋላችን መፈለግ ጀመረ።